ጥቁሩ ድንጋይና አረንጓዴው ድንጋይ፦ ከሊማሊሞ እስከ ተከዜ ማዶ



ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ተሳፋሪ ዓይኑ ከጥቁር ድንጋይ ጋር ይውላል። መንገዱ ገደሉን እየቆረጠ ስለሚወርድ ድንጋዩ እንደ ተነባበረ እንጀራ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሆኖ ይታያል፤ በንጣፎቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ መስመር ይገባል፣ ከዚያ ሌላ ጥቁር ንጣፍ ይቀጥላል። ይኸው ተሳፋሪ አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ እንዳ ሥላሴ ሲጠጋ ግን የሚያገኘው ድንጋይ ሌላ ነው። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በቅጠል በቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ በጣት ሲያሹት ይለሰልሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዘመድ ናቸው ብሎ አይጠረጥርም። እኔ ዛሬ የምሟገተው ግን ዘመድ ናቸው ብዬ ነው። ከተከዜ ማዶ ካለው አረንጓዴ ድንጋይ ብዙው በዘመኑ ጥቁር ነበር፤ እንደ ሊማሊሞው ሁሉ ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ነው። የለያያቸው የተሠሩበት ነገር አይደለም፤ ያለፉበት ነገር ነው። ይህን ካሳመንኋችሁ አንድ እርምጃ ጨምሬ፣ አረንጓዴውን ድንጋይ ያስገኘው ለውጥ በዚሁ በእኛው ጥቁር ድንጋይ ላይም መጀመሩን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከጥቁሩ እንጀምር። ካባ ላይ አዲስ የተፈለጠ ቁራሽ አንሥታችሁ ፀሐይ ላይ ብታዘነብሉት፣ ከሩቅ ድፍን ጥቁር የመሰለው ገጽ ድፍን አለመሆኑን ታያላችሁ። ከመርፌ የቀጠኑ ነጫጭ ብልጭታዎች አሉበት፤ እነዚህ ፕላጂዮክሌዝ የሚባለው ማዕድን ናቸው፣ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ አሉሚኒየምና ሲሊካ የያዘ። በመካከላቸው ያለው ጥቁር ክፍል በአብዛኛው ፓይሮክሲን ነው፤ ብረትና ማግኒዚየም በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። አንዳንዱ ቁራሽ ላይ አረንጓዴ የነበረ፣ አሁን ግን እንደ ዝገት ቡናማ የሆነ ነጠብጣብ ይኖራል፤ እሱ ኦሊቪን ነው። ድንጋዩን አድቅቃችሁ ማግኔት ብታስጠጉበት ደግሞ ጥቁር ዱቄት ይለጠፍበታል፤ ያ ማግኔታይት ነው። የእነዚህ ስብስብ ባዛልት ይባላል። የተለመደ ባዛልት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሲሊካ ነው፤ ከ14 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አሉሚና፣ 12 በመቶ ገደማ የብረት ኦክሳይድ፣ 10 በመቶ ገደማ የካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6 ወይም 7 በመቶ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው፤ ሶዲየም ጥቂት አለበት። ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ በመቶ አይሞላም። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ ክርክሩ በኋላ በእሷ ላይ ይዞራል። የሊማሊሞ ንጣፎች በዓለም ሥነ ምድር ስማቸው የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ከዚሁ ገደል ናሙና ወስዶ በአርጎን ዘዴ ዕድሜያቸውን ሲለካ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። በእነሱ ላይ የስሜን ትልቁ እሳተ ገሞራ ተከመረ፣ እሱም ከዚያው ዘመን ነው።

አሁን ተከዜን እንሻገር። እዚያ ያለውን ድንጋይ የሥነ ምድር ሰዎች ግሪንሺስት ይሉታል፤ እኔ አረንጓዴ ሺስት እያልሁ ልጥራው። ሺስት ማለት ማዕድናቱ አንድ አቅጣጫ ይዘው ስለተኙ በቅጠል በቅጠሉ የሚላቀቅ ልውጥ አለት ነው። በውስጡ ፓይሮክሲን ብትፈልጉ አታገኙም፤ ኦሊቪንም የለም፤ ካልሲየም የበዛበት ፕላጂዮክሌዝም ጠፍቷል። በቦታቸው አራት ማዕድናት ተቀምጠዋል። አንደኛው ክሎራይት ነው፤ በጥፍር ሊጫር የሚችል፣ ቅጠልያ፣ ለድንጋዩ ልስላሴውንና አረንጓዴነቱን የሚሰጥ። ሁለተኛው ኤፒዶት ነው፤ ቀለሙ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ መድረቅ እንደ ጀመረ የአተር እሸት። ሦስተኛው አክቲኖላይት፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እንደ መርፌ የሚረዝም። አራተኛው ነጩ አልባይት ነው። አንዳንድ ጊዜ ኳርትዝና ካልሳይት ይጨመሩበታል። የባዛልቱ ንጥረ ነገሮች የት እንደ ሄዱ ብትጠይቁ፣ የትም አልሄዱም። ከፕላጂዮክሌዙ ካልሲየሙ ወጥቶ ኤፒዶት ውስጥ ገባ፤ ሶዲየሙ ቀርቶ አልባይት ሆነ፤ ከፓይሮክሲንና ከኦሊቪን የተለቀቁት ብረትና ማግኒዚየም ክሎራይትንና አክቲኖላይትን ሠሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ድንጋዩ ሳይቀልጥ ነው። ከ300 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት፣ ከምድር ገጽ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ዝቅ ባለ ጥልቀት፣ ውኃ እየገባበት፣ ድንጋዩ ድንጋይ እንደሆነ ውስጡ ተለዋወጠ።

ለስሜን ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ገብስ በቂ ነው። ከአንድ ጎተራ የወጣ ገብስ ምጣድ ላይ ሲታመስ ቆሎ ይሆናል፤ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ፣ ዱቄቱ በፈላ ውኃ ሲገነፋ ገንፎ፣ በቅሎ ከጌሾ ጋር ሲጠነሰስ ጠላ። የቀረበልንን ቀምሰን እሳቱ ምን ያህል እንደ ነበር፣ ውኃ ገብቶበት እንደሆነና ስንት ቀን እንደ ቆየ መናገር እንችላለን፤ ገብሱ ግን ያው ገብስ ነው። ማዕድንም እንደዚሁ ነው። የድንጋይ ኬሚካዊ ይዘት ገብሱን ይነግረናል፤ የማዕድናቱ ዓይነት ግን ወጥ ቤቱን ይነግረናል። በትምህርት ቤት ድንጋዮችን ቅልጥ፣ ዝቅጥና ልውጥ ብለን በሦስት ሣጥን ስንከት ይህ ነጥብ ይጠፋብናል ብዬ አምናለሁ። ተማሪው ልውጥ አለት ራሱን የቻለ ሌላ ዘር ይመስለዋል። ዘር ግን አይደለም፤ ማንኛውም ድንጋይ ሊደርስበት የሚችል ዕጣ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የተደላደለው በፊንላንዳዊው ፔንቲ ኤስኮላ ሥራ ነው። ኤስኮላ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አጋማሽ በአገሩ የኦሪያርቪ አካባቢ ድንጋዮችን ሲያጠና፣ ኬሚካዊ ይዘታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ድንጋዮች ማዕድናቸው የሚለያየው ያለፉበት ሙቀትና ግፊት ሲለያይ መሆኑን አየ፤ በ1920 ደግሞ የሙቀትና የግፊት ደረጃዎችን ስም አውጥቶ አቀረበ። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ስሞቹን ከየት እንዳመጣቸው ነው። አረንጓዴ ሺስት፣ ከእሱ በላይ ሙቀት ሲጨምር ሆርንብሌንድ የተባለ ማዕድን የሞላበት አምፊቦላይት፣ ግፊቱ እጅግ ሲከብድ ቀይ ጋርኔት የሚፈጠርበት ኤክሎጃይት፤ እነዚህ ሁሉ ባዛልት በየደረጃው የሚሆናቸው ድንጋዮች ናቸው። የዓለም ሥነ ምድር የልውጥ አለትን መሰላል ስም ያወጣው ባዛልትን በየደረጃው እያቆመ ነው ማለት ነው። ደባርቅ ደግሞ በመሰላሉ ግርጌ፣ ባዛልቱ ገና ባዛልት በሆነበት ላይ ቆማለች፤ አንደኛው እርከን በአንድ ቀን መንገድ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለ የመማሪያ ስፍራ ያለው ሕዝብ ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ይዘቱ አልተለወጠም ያልኸን ውኃ ገብቶ አይደለም እንዴ? ውኃ ከገባ ጨው ያመጣል፣ ያጥባል፣ ይወስዳል። የዛሬው አረንጓዴ ሺስት ትናንት ባዛልት ለመሆኑ ምን ዋስትና አለ?» ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በግማሹም ተቀብዬዋለሁ። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ከሞቀ ውኃ ጋር በቀላሉ ይጓዛሉ፤ በባሕር ሥር የፈሰሰ ባዛልት ከጨው ውኃው ሶዲየም ተቀብሎ ካልሲየም እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ እነሱን ምስክር አድርጎ መጥራት አይቻልም። ሆኖም ከስፍራቸው የማይነቃነቁ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ታይታኒየም፣ ዚርኮኒየምና ኢትሪየም በዚህ ሙቀት ውኃ የማይነዳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒርስና ካን የተባሉ ተመራማሪዎች በእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ተመርቶ የተለወጠ ባዛልት ጥንት ምን ዓይነት ስፍራ ላይ እንደ ፈሰሰ መለየት እንደሚቻል አሳዩ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ በዓይን ብቻ የሚታይ ማስረጃ አለ። የሰሜን ኢትዮጵያ አረንጓዴ አለቶች በጣም ባልተጨፈለቁበት ቦታ የላቫ ቅርጻቸውን፣ የጋዝ ቀዳዳቸውንና ጥንት ተለቅ ብለው የበቀሉትን ማዕድናት ጥላ እንደያዙ ይገኛሉ። ማዕድኑ ጠፍቶ ቅርጹ ቀርቷል፤ የሰም ቅርጽ ቀልጦ ነሐስ እንደሚተካበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወደ ቤታችን ይቀርባል። «ባዛልት ሁሉ ይህ ዕጣ ካለው የስሜን ባዛልት ለምን አልተለወጠም? 30 ሚሊዮን ዓመት አነሰው?» የሚል ነው። መልሱ ዕድሜ ብቻውን ድንጋይ አይለውጥም የሚል ነው፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ወደ ምድር ውስጥ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በመደበኛ ስፍራ በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። የስሜንን ንጣፎች ውፍረት 2 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ከላዩ የታጠበውን አንድ ኪሎ ሜትር ብንጨምርለት፣ የታችኛው ንጣፍ ከ15 ዲግሪ የገጽ ሙቀት ተነሥቶ ቢበዛ 105 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። አረንጓዴ ሺስት 300 ይፈልጋል። ስለዚህ ገደሉ ቁመቱ 1,500 ሜትር ይሁን እንጂ፣ ለዚህ ጉዳይ ስሜን ገና ስስ ነው። ይህ ሒሳብ ግን በራሱ አንድ ነገር ይተነብያል። 100 ዲግሪ አረንጓዴ ሺስትን ባይሠራም ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ከመሰላሉ የመጀመሪያው እርከን በታች፣ ከ50 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ አንድ ደረጃ አለ፤ ስሙ በውስጡ በሚፈጠሩት ማዕድናት ዚዮላይት ይባላል። ሒሳቡ ልክ ከሆነ የስሜን ባዛልት ዚዮላይት ሊኖረው ይገባል።

አለውም። ላቫ ሲፈስ በውስጡ ያለው ጋዝ ሊወጣ እየታገለ ቀዳዳ ይተዋል፤ በተለይ በንጣፉ ራስ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ይበዛል። የድንጋይ ፈላጮች በእጃቸው የሚያውቁት ነገር አለ፤ በአንዳንዱ ንጣፍ ቀዳዳው ባዶ ነው፣ በሌላው ግን በነጭ ነገር ተሞልቷል፤ ድንጋዩ ሲፈለጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ እንክብሎች ፈልቅቀው ይወድቃሉ። ከእነዚህ አንዱን በሌንስ ብታዩት ውስጡ ከዳር ወደ መሐል የሚያድጉ ቀጫጭን ዘንጎች ወይም የዕንቁ ጸዳል ያላቸው ስስ ሰሌዳዎች ይኖሩታል። አንዳንዱ ካልሳይት ነው፣ አንዳንዱ ካልሲዶኒ የሚባለው ጠንካራ ሲሊካ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ባዛልቶች በሰፊው የሚታየው ግን ዚዮላይት ነው። ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው አክሰል ክሮንስቴት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1756 ማዕድኑን በእሳት ሲያጋየው እንፋሎት እያወጣ ሲንተከተክ አይቶ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። የሚፈላው በውስጡ ውኃ ስላለ ነው፤ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር አሁን አምጧት። አንድ በመቶ ውኃ ያልነበረው ባዛልት ውኃ መጠጣት ጀምሯል። ለብ ያለ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ የላቫውን መስታወትና ፕላጂዮክሌዝ በጥቂቱ አሟምቶ፣ ካልሲየሙንና ሶዲየሙን ወስዶ ቀዳዳው ውስጥ በአዲስ ማዕድን አስቀመጠው። ወደ አረንጓዴ ሺስት የሚወስደው መንገድ ይኸው ነው፤ አረንጓዴው ሺስት ከ2 እስከ 4 በመቶ ውኃ በክሎራይቱና በኤፒዶቱ ውስጥ ቆልፎ ይዟል።

«ይህ እኮ ዝገት እንጂ ለውጥ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ከባለሙያዎችም መካከል ረጅም ጊዜ እንዲሁ ያሰቡ ነበሩ። የኒውዚላንዱ ዳግላስ ኩምስ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአገሩ ደቡባዊ ክፍል ባጠናው ወፍራም የድንጋይ ክምር ዚዮላይቶቹ በዘፈቀደ ሳይሆን በጥልቀት ተራ እየተተካኩ እንደሚገኙ አሳየ። ዝገት ተራ አይጠብቅም። ተራ የሚጠብቅ ነገር ሙቀትንና ግፊትን የሚታዘዝ ነው፤ ያ ደግሞ የልውጥ አለት ትርጉም ነው። ከዚያ ወዲህ ዚዮላይት የመሰላሉ የታችኛው እርከን ሆኖ ተመዝግቧል። እኔም ድንበሩ የት ላይ እንደሚሰመር ከመከራከር ይልቅ፣ ለውጡ ድንበር የሌለው ተዳፋት መሆኑን መቀበል ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለ ውኃ አጥብቄ የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልውጥ አለት ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው እሳትን ብቻ ነው፤ ምሳሌውም ሸክላ ነው። በሊማሊሞ ጥቁር ንጣፎች መካከል የሚታየው ቀይ መስመር ይህን አሳብ የሚያጠናክር ይመስላል። ቀዩ መስመር ጥንታዊ አፈር ነው፤ በሁለት ፍሰቶች መካከል ላቫው ረግቶ፣ ዝናብ አጥቦት አፈር ሆኖ ሳለ አዲስ ላቫ መጥቶ ሸፈነው። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ላቫ ላዩ ላይ ሲያርፍ የአፈሩ ራስ እንደ ማሰሮ ይተኮሳል፤ ይጠነክራል፣ ይበልጥ ይቀላል። ይህም ለውጥ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የቅጽበት ለውጥ ነው፤ ውኃን አስወጥቶ የሚያደርቅ፣ ከላቫው ጥቂት ዝቅ ሲል የሚያበቃ። የተከዜ ማዶው አረንጓዴ ሺስት መንገዱ ተቃራኒ ነው። አፈር ልውጥ ለመሆን ውኃውን ይለቃል፤ ባዛልት ልውጥ ለመሆን ውኃ መጠጣት አለበት። ደረቅ ባዛልት 400 ዲግሪ ላይ ለሚሊዮን ዓመታት ቢቀመጥ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቆሎና ገንፎ የሚለያዩት በእሳቱ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ በጥሞና ላሰበ ተማሪ ራሱ ይመጣለታል። «ማዕድን ያለበትን ሁኔታ የሚታዘዝ ከሆነ፣ 400 ዲግሪ ላይ የተፈጠረው ክሎራይት ዛሬ በ20 ዲግሪ ፀሐይ ላይ ምን ይሠራል? ወደ ቀድሞው ለምን አልተመለሰም?» ማሰሮ ሲበርድ ወደ ጭቃ እንደማይመለሰው ነው። ለውጡን የሚያካሂደው ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱ ሲለይ ንጥረ ነገሮቹ ከተቀመጡበት መነሣት ያቅታቸዋል፣ የሚያጓጉዛቸው የሞቀ ውኃም ከስንጥቁ ወጥቷል። ድንጋዩ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባይሆን ኖሮ ሁሉም ድንጋይ ገጽ ላይ ሲወጣ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ሆኖም ታዛዥነቱ ፈጽሞ አልቆመም፤ ዝግ ብሎ ይቀጥላል። የምድር ገጽ ቅዝቃዜ፣ ዝናብና አየር ባዛልትን ምን እንዲሆን እንደሚያዝዙት ለማየት ከዳባት ማሳዎች የተሻለ ስፍራ የለም። በክረምት ጫማ የሚነጥቀው፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ የባዛልቱ ፕላጂዮክሌዝና ፓይሮክሲን ከገጹ ሁኔታ ጋር ሲስማሙ የሆኑት ነው፤ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድንና የብረት ኦክሳይድ። ገበሬው የሚያርሰው አፈር፣ የገደሉ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ነጭ ዚዮላይትና የሽሬው አረንጓዴ ክሎራይት አንድ ጥቁር ድንጋይ ለሦስት ሁኔታዎች የሰጣቸው መልሶች ናቸው።

አረንጓዴው ሺስት 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ ከነበረ፣ ዛሬ መንገድ ዳር ለመታየት ያ ሁሉ ክምር ከላዩ መነሣት ነበረበት። ይህን ነገር ረጋ ብለን እናስበው። እነዚያ አለቶች ከ700 እስከ 850 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ ባሕር ውስጥ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ነበሩ፤ የዓረብና የኑብያ ጋሻ የሚባለው ሰፊ ምድር ክፍል ናቸው። ባሕሩ ተዘግቶ ምድር ከምድር ስትጋጭ ደሴቶቹ ተጨፈለቁ፣ ተቀበሩ፣ ተጣጠፉ፤ ቅጠልያ ሆነው የሚሰነጠቁትም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። በላያቸው ተራራ ቆመ። ከዚያ ተራራው ታጠበ። በትግራይ በእንትጮ ስም የሚጠሩት፣ 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆናቸው የአሸዋ ድንጋይና የበረዶ ግግር ደለሎች በቆመው አረንጓዴ አለት ላይ ጠፍጠፍ ብለው ተኝተው ይታያሉ፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ተራራው አልቆ ሜዳ ሆኖ ነበር። እኛ ራስ ዳሽንን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው ብለን ስንኮራ፣ ከተከዜ ማዶ ያለው ዝቅተኛ ኮረብታ ስንት እጥፍ ክምር ከራሱ ላይ እንዳወረደ ይህ በጥፍር የሚጫር አረንጓዴ ማዕድን ብቻ ነው የሚመሰክረው። አንድ ድንጋይ ይህን ያህል ሲያወራ ዝም ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል።

«ለእኛ ኑሮ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነውና ልመልሰው። ስለ ወርቅ ብዙ አልናገርም፤ የአረንጓዴ ሺስት አገር ሞቃት ውኃ የተመላለሰበት አገር ስለሆነ ወርቅ በዚያ መገኘቱ የታወቀ ነው፣ የሽሬ አካባቢ ባህላዊ ወርቅ አውጪዎችም ያውቁታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መንገዱና ግንቡ ነው። አንድ ካባ ጠጠሩ ጥቁርና ጠንካራ ስለመሰለ ብቻ ጥሩ አይባልም። የሌሴቶ ከፍታዎች የውኃ ፕሮጀክት መሐንዲሶች ይህን በውድ ዋጋ ተምረዋል፤ በባዛልት ተራራ ውስጥ የቆፈሩት የውኃ ማስተላለፊያ ዋሻ በአብዛኛው ያለ ኮንክሪት ሽፋን ይቆማል ብለው አስበው ነበር፤ ነገር ግን ዚዮላይትና የሚያብጥ ሸክላ የያዘው ባዛልት አየርና ውኃ ሲያገኘው እየተፈረፈረ ስላስቸገራቸው ኮንክሪት ለማልበስ ተገደዱ። ካልሲዶኒ የበዛበት ጠጠር ደግሞ ከሲሚንቶ ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ተዋግቶ ኮንክሪቱን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። በንጣፎች መካከል ያለው ቀይ አፈር ዝናብ ሲጠግብ የላይኛውን ድንጋይ እንደ ሳሙና ሊያንሸራትት ይችላል። እነዚህ ሁሉ የማዕድን ይዘት ጥያቄዎች ናቸው፤ መዶሻ ይዞ ካባ ላይ የቆመ ጥንቁቅ ሰው ቀዳዳው ባዶ ነው ወይስ ተሞልቷል፣ የሞላውስ በቢላ ይጫራል ወይስ ቢላውን ይጭራል ብሎ ግማሹን መልስ እዚያው ያገኘዋል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ስሜን በዘመኑ ምን ያህል ከፍ ያለ ነበር? ገደሎቹ የቀረውን ያሳዩናል እንጂ የሄደውን አያሳዩንም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዎከር በምሥራቅ አይስላንድ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት በዚሁ ቀዳዳውን በሚሞላው ነጭ ነገር መለሰው። ላይኛው የባዛልት ክፍል ቀዳዳው ባዶ ነው፤ ዝቅ ሲል ቻባዛይትና ቶምሶናይት የሚባሉት ዚዮላይቶች ይጀምራሉ፤ ከእነሱ በታች አናልሲም፣ ከዚያም በታች ሜሶላይትና ስኮልሳይት ይከተላሉ። እነዚህ የዚዮላይት ቀበቶዎች የላቫውን ንጣፍ ተከትለው አይሄዱም፤ ንጣፉን እየቆረጡ ጥንት ከነበረው የምድር ገጽ ጋር ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ስለዚህ ዎከር የቀበቶውን ደረጃ አይቶ፣ ዛሬ በሌለው አናት ላይ ምን ያህል ድንጋይ ተከምሮ እንደ ነበር ወደ ላይ ቆጠረ። የአይስላንድ ምድር ከእኛ ይልቅ ትኩስ ስለሆነ የእሱን ቁጥር እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም፤ ዘዴውን ግን ማምጣት ይቻላል። ሊማሊሞ ላይ ንጣፎቹ በመንገድ ተቆርጠው ተዘርግተዋል፤ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድንጋይ መፈለጥ አይገባም፤ ለዚህ ሥራ ግን መንገዱ ዳር የወደቀው ስባሪ ይበቃል። ሥራው ከዛሪማ በላይ ካለው የመጀመሪያው የመንገድ ቁርጥ ይጀምራል። መዶሻ፣ የእጅ ሌንስ፣ የከፍታ መለኪያና ደብተር ይዞ፣ በየንጣፉ ራስ ላይ ቀዳዳው ባዶ ነው ወይስ ተሞልቷል፣ የሞላበትስ የትኛው ማዕድን ነው እያሉ ከነከፍታው መመዝገብ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ንጣፍ መውጣት፣ እንዲህ እያሉ እስከ ደባርቅ።